ይህ ቢሮ ማንን እምቢ ይላል?

ከወጣቶች ኅብረታችን አንድ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ በቅርቡ የጥብቅና ቢሮዎችን ዝርዝር ይዞ መጣ። በ2013 የወጣው አዋጅ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ስለፈቀደ ምርጫው ሰፍቷል። ከየስሙ ጎን ዘርፉን ጽፏል፤ ግብር፣ ኢንቨስትመንት፣ የሥራ ክርክር፣ ቤተሰብ፣ ወንጀል። “ወንጀል” የሚለውን ግን ሰርዞታል።

“ጋሼ፣ ወንጀለኛን ማስጣል ለአማኝ ይሆናል እንዴ?” አለኝ።

ወጣቶች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተከሳሽ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ያጠፋም ቢሆን ከጥፋቱ በላይ እንዳይቀጣ የሚናገርለት ያስፈልገዋል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ላይ፣ ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና በዚህም ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምለት የደነገገው ለዚህ ነው። በአንጻሩ ንጹሕ በመሰለን የግብር ዘርፍ፣ ሁለት ዓይነት የሒሳብ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ቢሮ ድረስ ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ ንጽሕናን ከዘርፉ ስም አናገኘውም።

ደመወዝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ብዙዎቻችሁን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ጨምሩበት። ይህ ቢሮ ገንዘብ እያለው እምቢ ያለው ደንበኛ አለ? ገንዘብ ሳይኖረው የተቀበለውስ? በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዟል። ሰዓቱ ለማን እንደዋለ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ ከቢሮው ሕንፃ በላይ ይናገራል።

መልሱን በዓይናችሁም ፈልጉ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ቀን ልደታ ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ያለ ጠበቃ የቆመው ማን ነው? ጠበቃውስ ከችሎት ሲወጣ የተረታ ደንበኛውን እንዴት ያናግረዋል? አብራችሁት ከሠራችሁ ነገ የምትናገሩት በዚያው አነጋገር ነው።

በሉቃስ 18 ዳኛው ዘንድ የምትመላለሰውን መበለት ታውቋታላችሁ። በታሪኩ ውስጥ ጠበቃ የለም፤ ብቻዋን ናት። ተማሪያችን ገና አልወሰነም፤ ዝርዝሩን ግን እንደገና ሊያየው ወስዶታል። እናንተም ዝርዝራችሁን ስታወጡ ይህን ጠይቁ፤ ያቺ መበለት ከእነዚህ ቢሮዎች የትኛውን ብታንኳኳ ይከፈትላታል?