አሮጌው ሃርድ ዲስክም አማና ነው



ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ላፕቶፓችን ሲንቀራፈፍ ወይም ከውስጡ እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ጥገና ቤት ይዘነው እንሄዳለን። ባለሙያው ብሎኖቹን በካቻቪቴ ይፈታል፣ ባትሪውን ይነቅላል፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በቦታው ኤስኤስዲ ይገጥማል። እኛም ኮምፒውተሩ ስለፈጠነልን ደስ ብሎን እንወጣለን። "አሮጌውስ የት ገባ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚያች መዳፍ በምታክል ዕቃ ውስጥ የመታወቂያ ቅጂ፣ ያለ ሒጃብ የተነሳች እህት ፎቶ፣ የባልና ሚስት መልእክት አለ። "አጥፍቼዋለሁ እኮ" ማለት አያዋጣም። ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ስናጠፋ ኮምፒውተሩ ቦታውን "ባዶ ነው" ብሎ ይመዘግባል እንጂ ፋይሉን አይፍቀውም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል፤ በቀላል ፕሮግራም ሊመለስም ይችላል።

በዚህ ሙያ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦ አላህ አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ በሱረቱ አን-ኒሳእ አዞናል፤ የሰውን ነውር መሰለልንም በሱረቱል ሑጁራት ከልክሎናል። ደንበኛው የይለፍ ቃሉን የሰጣችሁ ሥራውን እንድትጨርሱለት እንጂ ጓዳውን እንድትጎበኙ አይደለም። ፋይሎቹ መገልበጣቸውን ማረጋገጥ ካስፈለገ እሱ ባለበት ክፈቱ። አሮጌውን ዲስክ ባይጠይቃችሁም አስረክቡት፤ ዝም ማለቱ ሰጥቷችኋል ማለት አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ እርጥበት እንዳገኙ ሙስሊም ዘግበዋል። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ያገለገለ ዲስክ ገጥሞ "አዲስ ነው" ማለት ያንኑ እርጥብ እህል ከሥር መደበቅ ነው። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ በራሱ ላይ መዝግቦ ይይዛል። ደንበኛው ይህን ማየት ባይችል እንኳ አላህ ያውቀዋል። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ሐላል ነው፤ ሐራሙ መደበቁ ነው። እውነቱን ተናግራችሁ በልኩ ሽጡ፤ በረካው እዚያ ውስጥ ነው።

የላፕቶፑ ባለቤት የሆንከው ወንድሜ፣ የሆንሽው እህቴ፦ አሮጌውን ዲስክ ተቀበሉ። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ በሙሉ ሌላ መረጃ እንዲጻፍበት አስደርጉ፤ የተበላሸ ከሆነ አሰብራችሁ ጣሉት። የራስንም የሌላውንም ገመና መሸፈን ከዲናችን ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ወደ አዲሱ ዲስክ ምን ይዘን ነው የምንሻገረው? ሁሉንም እንዳለ ብንገለብጥ ቫይረሱም ሐራሙም አብሮ ይሄዳል። ኒካሑ ሳይሳካ ከቀረ በኋላ የእጮኛውን ፎቶ "ይጠቅመኝ ይሆናል" ብሎ የያዘ ካለ አላህን ይፍራ! ያ ፎቶ የእሷ ክብር እንጂ የእሱ መሣሪያ አይደለም። ዛሬውኑ ያጥፋው፤ ለሌላ ሰው አሳይቶ ከሆነም በደሉን ለማስተካከል የሚችለውን ያድርግ።

ዑለማዎች የተውበትን መስፈርት ሲዘረዝሩ ወንጀሉን ማቆም፣ መጸጸት፣ ላይመለሱበት መቁረጥና የሰው ሐቅ ካለበት መመለስ ይላሉ። በፎልደር ውስጥ ፎልደር ፈጥሮ የደበቀ ሰው ገና አላቆመም፤ ለነገ አስቀምጧል።

ማሽን ሲያጠፋ "ባዶ ነው" ብሎ ይጽፋል፣ ከሥር ግን ዱካው አለ። የአላህ ምሕረት እንዲህ አይደለም። ተጸጽቶ ለተመለሰ፣ አምኖ መልካም ለሠራ ሰው መጥፎ ሥራዎቹን በመልካም እንደሚለውጥለት በሱረቱል ፉርቃን ቃል ገብቷል። ስለዚህ ማንም "የእኔስ በዝቷል" ብሎ ተስፋ አይቁረጥ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ፤ ከዐስር በኋላ ያለውን ሰዓት ለዱዓና ለኢስቲግፋር ያዙት፤ ከዚያ በፊት ግን ላፕቶፓችሁን ክፈቱና የሚጠፋውን አጥፉ።

ያ አላህ! ገመናችንን ሸፍንልን፣ አማናን የምንጠብቅ አድርገን፣ ቀልባችንንም አጽዳልን። አሚን!