አብሾና ክኒን

 በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ዙሪያ ያደገ ሰው አብሾን ያውቃል። የቅኔ ተማሪው አእምሮው እንዲከፈት፣ የሰማው እንዲጸናለት ይጠጣዋል ይባላል። ቅመሙ አስተናግር የሚባለው ተክል ነው። የሚገርመው፣ በአስተናግር ውስጥ ያለውን ስኮፖላሚን ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የማስታወስ ችሎታን ለጊዜው ለማደናቀፍ ነው። 

እንግዲህ ለትምህርት ሲባል አእምሮን በመድኃኒት መግራት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ለሥራ ሲል ይህን የሚያደርገው የሐኪም ቤቱ ሰው ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ እናስብ። ሌሊት ዱቲ ላይ ደም የሚፈሳት ወላድ ገጥማት፣ ለደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሪፈር ጽፋ አምቡላንስ ስትጠብቅ አድራለች። ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ዳያዘፓም የተባለውን የማረጋጊያ ክኒን ትውጣለች። ክኒኑ ማንን አከመ?

እሷን ነው ማለት ይቀናናል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የሥራ ዝለትን በሽታ አላለውም፤ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን የምትውጠው እሷ፣ የሚያገግመው ግን የዱቲ ፕሮግራሙ ነው። ለሦስት ሰው የሚበቃው ሥራ በአንድ ሰው ይቀጥላል፤ አለቃም አይጠየቅም።

ይህን ይዤ ክኒን የዋጠ ሁሉ ተበድሏል ብል ግን ግፍ ይሆናል። ድባቴ በሽታ ነው። ነርስም ትሁን ዲያቆን፣ የያዘው ሰው መድኃኒቱ ይገባዋል፤ በእምነት ማነስ ማማትም ነውር ነው። ችግሩ የትኛው የሰውየው፣ የትኛው የሥራው እንደሆነ የሚለይ ሌላ ዓይን መጥፋቱ ላይ ነው። በትንሽ ከተማ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የአዋላጇ ባልደረባ፣ ፋርማሲስቱ ጎረቤቷ ነው። ስለዚህ ወሬው እንዳይወጣ ፈርታ አዛዥም ታካሚም ራሷ ትሆናለች። አብሾ የጠጣውን እንኳ ጓደኞቹ ያውቁታል፤ አብሾው እንዳይነሳበት ከአረቄ ይከለክሉታል። ዳያዘፓምም ከመጠጥ ጋር አደገኛ ነው፤ እሷን ግን ማን ይከልክላት?

ዳያዘፓም ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል። ድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ብሰው ይመለሳሉ። ያኔ ጭንቀቷ የሥራው ይሁን የክኒኑ እሷም መለየት ይሳናታል። ከሥራ ባልደረቦቿ ርቃ፣ ስሟ በማይታወቅበት ወረዳ እንድትታከም ቢፈቀድላት ቢያንስ ይህን የሚለይላት ሰው ታገኛለች። እሱም ቢሆን መድኃኒትና የሕመም ፈቃድ ይጽፍላት ይሆናል እንጂ ተጨማሪ አዋላጅ ሊያዝላት አይችልም፤ ያ የወረዳው በጀት ጉዳይ ነው።