የተሸነቆረችው ጀልባ



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ከህፍን የቀራችሁ ወይም ልትቀሩ ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። ሙሳና ኸዲር (ዐለይሂመ ሰላም) ጀልባ ላይ የተሳፈሩበት ቦታ ስትደርሱ ቆም በሉ። ኸዲር የድሆቹን ጀልባ ሸነቆሯት፤ ሙሳ ደነገጡ። ለካ ከወዲያ በኩል ደህናውን ጀልባ ሁሉ በጉልበት የሚነጥቅ ንጉሥ ነበር። ቀዳዳው ጀልባዋን አተረፋት። ባለጀልባዎቹ ግን በዚያች ሰዓት የሚታያቸው ቀዳዳው ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ ለአንድ የግራና ልጅ እንዴት እንንገረው? በ2013 መጀመሪያ በምሥራቅ አማራ ቆላማ ወረዳዎች አንበጣ ማሽላና ጤፉ ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጦርነቱ ወልዲያንና ሐብሩን አዳረሰ። እስከ ታህሳስ 2014 ባንክ የለ፣ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፤ ሰው ሞተ፣ ንብረት ተዘረፈ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። እፎይ ሳይባል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጁ «ሁሉ በአላህ እጅ ከሆነ ይህ ለምን?» ቢል ካፊር ሆነ አትበሉት። ሙሳም ነብይ ሆነው ጠይቀዋል።

ሦስት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ ኸዲር ሒክማውን ያወቁት አላህ ስላሳወቃቸው ነው። እኛን አላሳወቀንም። ሒክማ እንዳለው ማመን ግዴታችን ነው፤ «ሒክማው ይህ ነው» ማለት ግን የገይብ ወሬ ነው። ልጇን ያጣች እናት ዘንድ ሄዳችሁ «ኸይር ነው» ብላችሁ አትነሱ። አጠገቧ ተቀመጡ፣ ቡናውን አፍሉላት፣ ከብቷን አግዱላት። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። እንባ ከቀደር ጋር አይጣላም።

ሁለተኛ፣ ቀደር ለበዳይ መደበቂያ አይሆንም። አላህ ጀልባዋን ስላተረፋት ንጉሡ ቀማኛ መሆኑ አልቀረም። የሰው ደም ያፈሰሰ፣ የድሃ ጎተራ የገለበጠ፣ ማንም ይሁን ማን፣ «አላህ ፈቅዶ ነው» ብሎ አያመልጥም፤ ይጠየቃል። የተበደለም ሐቁን ቢጠይቅ ሰብሩን አላፈረሰም።

ሦስተኛ፣ ተወኩል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ሲሏቸው፣ ከአንዱ ቀደሩ ወደ ሌላው ቀደሩ ነው የምንሄደው ሲሉ መለሱ። አንዱ ወገኑ ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብታገኝና ግመሎችህን በየትኛውም ብታሰማራ፣ ያሰማራኸው በአላህ ቀደር አይደለም ወይ ብለው ጠየቋቸው።

እረኝነት ለሚያውቅ የሐብሩ ሰው ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አይፈልግም። ስለዚህ በ2013 ክረምት የሸሸውን «ኢማኑ ሳሳ»፣ የቀረውንም «ሞኝ ነው» አንበል። ከብት ጥሎ፣ ልጅ አዝሎ ወደ ደሴ የወጣ ነበር፤ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ እዚያም ደረሰበት። ታዲያ መሸሹ ስህተት ነበር? አልነበረም። ባወቀው ልክ ለልጆቹ የተሻለውን መረጠ። መምረጥ የእሱ ድርሻ ነበር፤ ውጤቱ የአላህ ነው። ተወኩል የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ድርሻን ሠርቶ፣ በማይደርሱበት ነገር ራስን አለመግደል።

ዛሬ ከዐስር በኋላ መግሪብ ሳይደርስ እጃችሁን አንሱ። «ያ ረብ፣ አልገባኝም» ማለትም ዱዓ ነው። ቀጥሎ ትምህርቱ የተቋረጠበት አንድ ታናሽ ፈልጉና ደብተር ይዛችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። የነገው መንገድ ባይታይም የዛሬው ድርሻችን ይታያል።

አላህ ለወሎና ለመላው ሀገራችን ሰላም ያውርድ። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!