የሚያይ ሰው ዕዳ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ላኪው ቀድሞ በሀገረ ስብከታችን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምር የነበረ፣ ዛሬ ግን በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የሚኖር ወንድማችን ነው። በጁን ወር ዐሥራ ሁለት መንገደኞችን ይዛ በአላስካ የባሕር ዳርቻ በምትጓዝ አንዲት ባለ ሸራ መርከብ ላይ በረዳት ምግብ አብሳይነት ተቀጥሮ ነበር። መንገደኞቹ የከፈሉት ገንዘብ በእኛ አገር አንድን ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ሊያኖር የሚችል ነው፤ የሄዱትም ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሳይሆን በረዶንና የባሕር እንስሳትን ለማየት ብቻ ነው። ወንድማችን ያየውን ሁሉ በደስታ ከተረከ በኋላ ደብዳቤውን የዘጋው በጥያቄ ነው። ይህ ጉዞ አምልኮ ነበር ወይስ የዓይን አምሮት? በመጪው ዓመትስ ቢጠሩኝ ልሂድ ወይስ ልቅር? ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር አብረን ልንመረምረው ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ግሌሸር ቤይ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ የሚገኝ ረጅም ባሕረ ሰላጤ ነው። በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ የሚወርደው በረዶ በበጋ ቀልጦ ስለማያልቅ፣ የዘንድሮው በአምናው ላይ እየተደረበ በራሱ ክብደት ይጠጥራል፤ ጠጥሮም እንደ እጅግ ዘገምተኛ ወንዝ ወደ ባሕር ይወርዳል። የበረዶ ግግር የሚባለው ይህ ነው። የጠጠረው በረዶ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ግግሩ ከባሕሩ ሲደርስ ፊቱ እየተገመሰ ይወድቃል፤ ድምፁም እንደ ነጎድጓድ ከሩቅ ይሰማል።

እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ ይህን ባሕረ ሰላጤ በሙሉ በረዶ ሞልቶት ነበር። በ1794 በእንግሊዛዊው ካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር የተላኩ ቀያሾች ያገኙት ከበረዶ ግድግዳ ፊት ያለች አጭር የባሕር ሰርጥ ብቻ ነው። በ1879 የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሙር ሲደርስ በረዶው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ነበር፤ በ1916 ደግሞ ዋናው ግግር ከባሕረ ሰላጤው አፍ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል። ለእውነት ስንል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በዚህ ቦታ በረዶው ማፈግፈግ የጀመረው የፋብሪካ ጭስ ዓለምን ከመሙላቱ በፊት ነው፤ በዚያው ካሉት ግግሮችም ጆንስ ሆፕኪንስ የተባለው ለአሥርተ ዓመታት ወደ ፊት ሲገፋ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በመላው ዓለም የበረዶ ግግሮች በፍጥነት እየቀነሱ መሆናቸው፣ ለዚህም ዋናው ምክንያት ሰው ከሰልና ነዳጅ በማንደዱ የተነሣው የአየር ሙቀት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን ዓለም አቀፍ የበረዶ ግግሮች ጥበቃ ዓመት ብሎ የሰየመው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ጎባጣ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ክረምቱን በሃዋይ ሞቃት ውኃ አሳልፈው በበጋ ለመመገብ ወደ አላስካ ይመጣሉ። አንድ ማለዳ ነፋሱ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ መንገደኞቹ ዓሣ ነባሪውን ከማየታቸው በፊት ትንፋሹን ሲለቅ ሰሙት። ወንድማችን ሽንኩርት መክተፉን ትቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሳያስበውም «እግዚኦ» አለ። ወዲያው ግን ሁሉም በካሜራቸው ላይ አጎነበሱ። «ከእነርሱ አልለይም፤ እኔም ስልኬን አወጣሁ። ፎቶግራፉ አለኝ፤ ዓሣ ነባሪው ወደ ጥልቁ ሲገባ ግን በዓይኔ አላየሁትም» ሲል ጽፎልናል።

ከዚህ ይልቅ ሕሊናውን የነካው በአራተኛው ቀን የሆነው ነው። መርከቢቱ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሰርጥ አፍ ደረሰች። በዚያ ሰርጥ ውስጥ ሲል የሚባሉት ጡት አጥቢ የባሕር እንስሳት በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ይወልዳሉ። መርከብ ሲቀርባቸው ደንግጠው ወደ ውኃ ይዘላሉ፤ ግልገሉ ከእናቱ ሊለያይ፣ በብርዱም ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ከሜይ 1 እስከ ጁን 30 ድረስ ማንኛውም መርከብ ወደዚያ እንዳይገባ ተከልክሏል። የመርከቢቱ አዛዥ ይህን አስረድቶ መርከቢቱን መለሰ። ከመንገደኞቹ አንዱ ግን ተቆጣ፤ «የከፈልነው ይህን ልናይ ነው፤ እዚህ ማንም ጠባቂ የለም፤ ማን ያየናል?» አለ። አዛዡ አልመለሰለትም። ወንድማችን «ያ ሰው የተናገረው እኔም በልቤ የተመኘሁትን ስለ ነበር አፈርሁ» ይላል።

እኛም ደብዳቤውን ስናነብ በዚህ ቦታ ላይ ቆምን። የምንፈርድበት ሰው ሩቅ ያለ ባለጸጋ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ያንን ሰማያዊ በረዶ ለማየት እኛም ቀንተን እንደ ነበር ልንክድ አንችልም።

ሁለት ክርክሮች ይነሣሉ። አንደኛው ስለ ገንዘብ ነው። ድሆች ሳሉ በረዶ ለማየት ይህን ያህል ማውጣት ይገባልን? አንዳንዶች በዮሐንስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን የናርዶስ ሽቱ ያስታውሱናል፤ ገንዘቡ ለድሆች ይሰጥ ያለው ይሁዳ ነው፣ ጌታም ሴቲቱን አልነቀፋትም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ማርያም ሽቱውን አፈሰሰችው እንጂ ለራሷ አላሸተተችውም። መንገደኛው የሚቀበል እንጂ የሚሰጥ ስላልሆነ በእርሷ ስም ራሱን ሊያጸድቅ አይችልም። ውበትን መፈለግ ኃጢአት አይደለም፤ ሆኖም የተቀበለ ሰው ዕዳ አለበት።

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል። መንገደኞቹ ወደ አላስካ የሚደርሱት በአውሮፕላን ነው፤ ነፋስ ሲጠፋም ባለ ሸራዋ መርከብ ሞተሯን ታስነሣለች። በረዶውን ለማየት የሚሄድ ሰው በረዶውን በሚያቀልጠው ነገር ይሄዳል ማለት ነው። የሥነ ምግባር ትምህርታችን በክፉ ነገር ቀጥተኛ ተባባሪነትን ከሩቅ ተባባሪነት ይለያል። የአንድ መንገደኛ ድርሻ ሩቅና ትንሽ በመሆኑ ጉዞው በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። ነገር ግን ሩቅ ተባባሪነትም ቢሆን ተመጣጣኝ ምክንያት ይሻል። «አየሁት» ማለት ብቻውን ይህን ያህል ክብደት አለው ብለን አናምንም።

ቅዱስ አውጉስጢኖስ በኑዛዜው ዐሥረኛ መጽሐፍ፣ ሰዎች ተራራንና ባሕርን ለማድነቅ ርቀው ሲሄዱ ራሳቸውን ግን ትተው እንደሚያልፉ በማዘን ይናገራል። ጣሊያናዊው ባለ ቅኔ ፔትራርካ በ1336 በፈረንሳይ አገር ቬንቱ ተራራ ላይ ከወጣ በኋላ ያን መጽሐፍ ሲገልጥ ይህንኑ ክፍል እንዳገኘና ተገሥጾ በዝምታ እንደ ወረደ ጽፏል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው መንፈሳዊ ሰው ተራራ መመልከት የለበትም ወደ ማለት ይደርሳሉ። እኛ ግን እንዲህ አንረዳውም። ጥፋቱ በማየት ላይ ሳይሆን ያየው ነገር ምንም ሳይለውጠው በማለፍ ላይ ነው።

ይህን ከሙሴ እንማራለን። በኦሪት ዘጸአት 3ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ሙሴ የማይቃጠለውን ቁጥቋጦ ለማየት ከመንገዱ ዘወር አለ፤ እግዚአብሔርም የጠራው ለማየት ዘወር ማለቱን በተመለከተ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለማየት መጓጓት የጥሪ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ግን እንዳይቀርብና ጫማውን እንዲያወልቅ ታዘዘ። ማየት ተፈቀደ፤ መቅረብ ተገደበ። እኛም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ የምናወልቀው፣ መቅደሱም በመጋረጃ የሚሸፈነው ስለዚህ ነው። መጋረጃው ቅዱሱን ነገር ለእኛ አይነፍገንም፤ የእኛ ንብረት አለመሆኑን ግን ያስተምረናል።

በግሌሸር ቤይ ያለው ደንብ እንደዚህ ያለ መጋረጃ ነው። በበጋ ወራት በቀን ከ2 በላይ ታላላቅ የሽርሽር መርከቦችና ከ25 በላይ የግል ጀልባዎች እንዲገቡ አይፈቀድም፤ ወደ ዓሣ ነባሪም ከአንድ የባሕር ማይል ሩብ በታች መቅረብ ክልክል ነው። «ከፍያለሁ» የሚለው ሰው የከፈለው ለመቀመጫውና ለምግቡ መሆኑን ዘንግቷል። የእናት ሲል ጸጥታ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። «ማን ያየናል?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ አዳም በዛፎች መካከል በተሸሸገ ጊዜ መልሱን አግኝቷል።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ያ ስፍራ ባዶ ምድረ በዳ አይደለም። ሁና ትሊንጊት የተባለው ሕዝብ በረዶው ሳይመጣ በፊት በዚያ ይኖር ነበር፤ ግግሩ እየገፋ ሲመጣ መንደሩን ትቶ ተሰደደ፤ በአፈ ታሪኩም ወገኖቿ ሲሄዱ ከቤቷ ስለቀረች ሴት ይተርካል። በረዶው ሲያፈገፍግ ሕዝቡ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ሙርንም በ1879 በታንኳ ወደ ባሕረ ሰላጤው የወሰዱት ትሊንጊቶች ነበሩ። ቦታው በ1925 የመንግሥት ጥብቅ ክልል ሆነ፤ በ1960ዎቹም ከጥንት ጀምሮ ያደርጉት የነበረውን የባሕር ወፍ እንቁላል መልቀም ተከለከሉ። በሕግ የተፈቀደላቸው በ2014 ነው፤ የነገድ ቤታቸውም በዚያ በ2016 ተመርቋል። በልማዳቸው አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ካለበት ጎጆ ይወስዳሉ፤ ሦስት ያለበትን ግን አይነኩም፤ ወፊቱ መታቀፍ ጀምራለችና። በኦሪት ዘዳግም 22ኛ ምዕራፍ እናቲቱን ከእንቁላሎቿ ጋር አትውሰድ የሚለውን ሕግ የሚያውቅ ካቶሊካዊ፣ በእነዚህ ሰዎች ልማድ ውስጥ የፈጣሪን ጥበብ ማየት አይከብደውም።

እንግዲህ የሚያይ ሰው ዕዳው ምንድር ነው? ሦስት ይመስለናል። አንደኛው ዝምታና ርቀት ነው፤ የሚታየው ነገር በእኛ መምጣት እንዳይጎዳ መጠንቀቅ። ሁለተኛው የቤቱን ባለቤቶች ማወቅ፣ እንደ እንግዳም ማመስገን ነው። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ወደ ቤት ተመልሶ አንድ ነገር መለወጥ። በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት የማይለያዩ መሆናቸውን አስተምረውናል። በረዶውን አድንቆ ድሀውን የማይሰማ ሰው በእውነት አላየም።

ለወንድማችንም እንዲህ ስንል መለስንለት። ሥራህ ነውና መሄድህን አንከለክልህም፤ ነገር ግን ሂሳብህን ከጌታ ጋር አስቀድመህ ተሳሰብ። ከደመወዝህ ለተራበው የምትሰጠውን ዛሬ ወስን፤ ዓመቱን በሙሉ በኑሮህ የምትቀንሰውንም ወስን። ዓሣ ነባሪው ሲወጣ ስልክህን በኪስህ ተወው። እነዚህን ማድረግ የማይቻልህ መስሎ ከታየህ ግን ቅር፤ ሳያዩት ማመስገንም ይቻላልና። እርሱም አጭር መልስ ልኮልናል፤ የመጀመሪያውን ወስኛለሁ፣ ሁለተኛው ላይ እየታገልሁ ነኝ ይላል። እውነተኛ መልስ ስለ ሆነ ደስ አለን።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አብዛኞቻችን ያንን በረዶ በዚህ ዓለም አናየውም። ይሁን እንጂ በየሰበካችን ምንጭ አለ፤ ወፍ ጎጆ የሠራበት ዛፍ አለ። ልጆቹን አንድ ቀን ወደዚያ ውሰዷቸው፤ ምንም ሳይቀጥፉ፣ ምንም ሳይወረውሩ ጥቂት ደቂቃ ይቁሙ። ከዚያም ምን እንዳዩ ሳይሆን ስላዩት ነገር ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው ጠይቋቸው። ሁሉን የፈጠረ አምላክ ዓይናችንን ይግለጥልን፤ ዕዳችንንም የምንከፍልበት ልብ ይስጠን። አሜን።