የኖኅን ዕርቃን የሸፈኑ ልጆች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በምንኖርበት በቨርጂኒያ ግዛት ሕግ በአደባባይ ሰክሮ የተገኘ ሰው ተይዞ እስከ 250 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሆኖም ፍርድ ቤት የፈቀደው የስካር ማብረጃ ማእከል በአካባቢው ካለ፣ ፖሊሱ በማሰር ፈንታ ወደዚያ እንዲወሰድ ማድረግ ይችላል። ምድራዊው ሕግ እንኳ ለምሕረት በር ትቷል።

ከመካከላችን ግን ወንድማቸው በካቴና መወሰዱን ሲሰሙ ወሬውን ከቡናው ጋር የሚያፈሉት አሉ። ኖኅ በወይን ጠጅ ሰክሮ በተራቆተ ጊዜ ካም አይቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ወደ ኋላቸው እየሄዱ በልብስ ሸፈኑት። ስካሩን አላመሰገኑም (ስካር ኃጢአት መሆኑንማ ማን ይስታል?)፤ አባታቸውን ግን አልጣሉም።

በሌሊት በባዕድ ሀገር የተያዘ ወንድም አስተርጓሚ፣ ሲፈታም ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ሰው፣ በማግሥቱ ደግሞ የንስሐ አባት ያሻዋል። የንስሐ አባቱ ወደ ሐኪም ቢልኩትም ከጠበሉ አልለዩትም።