ጥናትም አገልግሎት ነው
(ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! በዚህ ዓመት ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋችሁ ወደየተመደባችሁበት ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ በመሰናዳት ላይ ናችሁ። እናቶቻችሁ በሶውንና ቆሎውን ያዘጋጃሉ፤ አባቶቻችሁ የመንገዱን ገንዘብ ይቆጥራሉ። የእኔ ድርሻ ምክር ነውና እነሆ። የምመክራችሁ ግን ትምህርቱ ቀንቶልኝ ሳይሆን ተሰናክዬ ስለ ተነሣሁ ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በመዝሙር ክፍል የምገኝ ተማሪ ነበርሁ። ማታ ከመዝሙር ጥናት ስንወጣ ሻይ እየጠጣን ስለ አገልግሎት እንጫወታለን። ወደ መኝታ ክፍሌ ስገባ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ደብተራቸውን ዘርግተው ሲያጠኑ አገኛቸዋለሁ። በልቤም «እነዚህ ለዓለም ይደክማሉ» እል ነበር። ይህን ሐሳብ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ያገኘሁት ነው፤ ደስም ይለኝ ነበር። ያልገባኝን የሒሳብ ትምህርት ሁሉ «እግዚአብሔር ያውቃል» እያልሁ አልፈው ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ ልምምዱ በዛ። ፈተናው የነበረው ጥር 15 ቀን ነው። ጥር 11 ቀን ታቦቱን አጅበን ስንዘምር ዋልን፤ ጥር 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤልን አስገባን፤ መጽሐፉን የገለጥሁት በ13 ነው። የወራት ትምህርት በሁለት ቀን አልገባ አለኝ። በፈተናው ዕለት አማትቤ ተቀመጥሁ፤ ከሰባቱ ጥያቄዎች ሁለቱን ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ወደ ጎን ሄደ። አጠገቤ የነበረው የመኝታ ክፍሌ ጓደኛ፣ ያ «ለዓለም ይደክማል» ያልሁት ልጅ ነው። የሦስቱን መልስ ከነስሕተቱ ገለበጥሁ።

መምህሩ ወረቀታችንን ሲያርሙ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ቦታ አገኙ። ጠርተው ጠየቁን። ጓደኛዬ «አላውቅም» አለ፤ እውነቱን ነበር። እኔም «አላውቅም» አልሁ። የሁለታችንም ውጤት ተሰረዘ። ይህ ልጅ ከሩቅ ገጠር የመጣ ነው፤ ታናናሾቹ የእርሱን መመረቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛ ጀመር። እኔም እሑድ እሑድ ነጭ ለብሼ መዘመሬን አልተውሁም።

በዐቢይ ጾም ከንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ተናገርሁ። ብዙ ስግደት እንዲሰጡኝ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ስግደቱን ፈልጌውም ነበር፤ ስግደት ማንም ሳያየኝ የምጨርሰው ነገር ነውና። እርሳቸው ግን ስግደቱን ጥቂት አድርገው «ሂድና ለመምህሩ ንገር» አሉኝ። «አባቴ፣ ከትምህርቱ ቢያስወጡኝስ?» ብዬ ብከራከር «የሰውን ልጅ ስም ይዘህ እስከ መቼ ትዘምራለህ?» ብለው ዝም አሉ።

ሄድሁ። ለጓደኛዬ ውጤቱ ተመለሰለት፤ እኔ ያንን ትምህርት ወደቅሁ። ክረምቱን እዚያው ቤት ተከራይቼ ደገምሁት። የክረምቱን ወጪ የሸፈነው እናቴ ከዕቁብ ደርሷት ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ልትገዛበት ያሰበችው ገንዘብ ነው። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሲወርድ የማስበው የእኛን ቤት ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ቅዱስ ባስልዮስን በስሙ ከሚጠራው ቅዳሴ ታውቁታላችሁ። እርሱና ጓደኛው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአቴና ከተማ ተማሪዎች ነበሩ። የተማሩትም የንግግር ጥበብና ፍልስፍና ነው፤ ከመምህራኑም መካከል አረማውያን ነበሩ። ጎርጎርዮስ በኋላ ያንን ጊዜ ሲያስታውስ፣ ሁለት መንገድ ብቻ ያውቁ እንደ ነበረ ጽፏል፤ ይኸውም አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ወደ መምህራን የሚወስደው ነው። ወደ ግብዣውና ወደ ቴአትሩ የሚወስደውን ለሌሎች ትተውት ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሰምቼ ሳለ አንዱን መንገድ ብቻ ነበር የያዝሁት። ቅዱሳኑ ግን ሁለቱንም ሄደዋል። በሌላ በኩል፣ በ355 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ዩልያኖስ የተባለው መስፍን በዚያችው አቴና ተምሯል። እርሱ በኋላ ነግሦ ክርስትናን ትቶ ጣዖትን ለመመለስ የደከመው ነው። ከተማው አንድ፣ ትምህርቱም ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ልጁን አበላሸው» ሲባል ስሰማ ነገሩ ሁሉ እንዳልተነገረ ይሰማኛል።

ነቢዩ ዳንኤልንም ተመልከቱ። ከሦስቱ ወጣቶች ጋር በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ለሦስት ዓመት እንዲማር ታዘዘ። እምቢ ያለው የንጉሡን ማዕድ ነው እንጂ መጽሐፉን አይደለም። እምቢታውም በቁጣ አልነበረም፤ ጥራጥሬና ውኃ እየተሰጠን ዐሥር ቀን ፈትነን ብሎ አሳላፊውን ለመነው። በጾም ቀን በካፌ ሰልፍ ላይ ቆመው ጓደኞቻቸውን የሚገሥጹ ወንድሞች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልምጣ። የሰማችሁትን ትምህርት በዚያው ዕለት ማታ አንብቡት፤ ሳምንት ያደረ ደብተር እንደ እንግዳ ሰው ጽሑፍ ነው። ለአገልግሎት በሳምንት ሁለት ማታ ወስኑ፤ ሌላው የጥናት ይሁን። የመዝሙርና የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊዎች የሆናችሁም ስሙኝ፦ በፈተና ሰሞን ልምምድ አትጥሩ። የቀረውን ልጅ «ቀዘቀዘ» ብላችሁ አትሙት፤ ምናልባት ከሁላችን የተሻለ ታማኝ እርሱ ይሆናል። ጸሎት ግን በፈተና ሰሞንም አይቀርም፤ ዳንኤል የመንግሥት ሥራ በዝቶበት ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር።

ሌሊቱን ለማንጋት ብለው ጫት የሚቅሙ ታገኛላችሁ። አብረዋቸው የተቀመጡትን በጠዋቱ ክፍል ውስጥ አይቻቸዋለሁ፤ ጠቅሞ ያየሁት የለም። ስልካችሁንም በጥናት ሰዓት ዝጉት፤ ይህን የምለው እኔም እየታገልሁት ነው። ገንዘብ ከቤት ሲላክ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሀብታም፣ የመጨረሻውን እንደ ለማኝ አትኑሩ። እኅቶቼ፣ «ማስታወሻ ላውስሽ» እያለ በማታ የሚጠራችሁን ሰው በቀን፣ በቤተ መጻሕፍት፣ ሰው ባለበት አምጣ በሉት፤ ማስታወሻው እውነተኛ ከሆነ በቀንም ይነበባል።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ የሚሾፍበት ልማድ በብዙ ግቢ አለ። በአቴናም ነበረ፤ አዲሱን እየጮኹና እየቀለዱበት ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱት ነበር። ባስልዮስ በመጣ ጊዜ ይህ እንዳይደርስበት ሌሎቹን የለመነለት ጎርጎርዮስ ነው፤ ወዳጅነታቸውም ከዚያ ጸና። እናንተም በሁለተኛው ዓመታችሁ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ የቆመውን ልጅ ስታዩ ተቀበሉት፤ መኝታ ክፍሉን፣ ካፌውንና ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩት።

ያልገባችሁንም ለመጠየቅ አትፈሩ፤ የምትጠይቁት ሰው ከማኅበራችሁ ባይሆንም እንኳ። መምህሩ ዘንድ ከሄድሁ በኋላ ጓደኛዬ ለብዙ ሳምንት አላናገረኝም፤ ሊያናግረኝም አይገባውም ነበር። በክረምቱ መጨረሻ ተመልሶ ሲመጣ ግን የፈተናዬን ቀን ጠየቀኝ፤ ስነግረውም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነን፤ ማክሰኞ ማታ የመዝሙር ልምምድ ቢኖርም አልሄድም፤ እርሱ ሒሳብ ያስጠናኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።