የብዕር ስም ገላጮች

ሰው ስሙን ደብቆ ሲጽፍ ‹‹ማን ይሆን?›› ማለት ያለ ነው። እኔም ከዚህ አመል አልጸዳሁም። የወደድኩት ደራሲ ስም የብዕር ስም መሆኑን ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም። ሰሞኑን ስለ ማይክል ፊልድ ሳነብ ግን በራሴ አፈርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1884 እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ስም የታተሙ የግጥም ተውኔቶች ብዙ ሙገሳ አተረፉ። ማይክል የሚባል ሰውዬ ግን አልነበረም። ጸሐፊዎቹ አክስትና የእህት ልጅ ነበሩ፤ ካትሪን ብራድሌይና ኢዲት ኩፐር። ምስጢራቸውን ለታላቁ ገጣሚ ለሮበርት ብራውኒንግ አካፈሉት። እሱ ደግሞ ወሬው አመለጠው። ካትሪን ደብዳቤ ጽፋ ለመነችው፤ ከሴት አፍ ሲወጣ ዓለም የማይታገሠው ብዙ የምንለው ነገር አለን ስትል። ምን ዋጋ አለው፣ ወሬው ተነዛ። የሐያሲያኑ ጭብጨባም እያደር ቀዘቀዘ። ግጥሙ እኮ ያው ነው!

ብራውኒንግ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አድናቂያቸው ነበር። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ታዲያ ተደብቀው ይቅሩ? እንዲያም አልፈለጉም። ኢዲት በ1913፣ ካትሪን በ1914 ሲሞቱ ብዙ ጥራዝ የዕለት ማስታወሻ ትተዋል። ለአደራ ተቀባያቸው ለገጣሚው ስተርጅ ሙር የተሰጠው ቃል፣ እስከ 1929 መጨረሻ እንዳይከፍተው ነው። መታወቁን አልጠሉትም፤ ቀኑን ራሳቸው ሊቆርጡ ፈለጉ እንጂ።

ስለዚህ ዛሬ ስማቸውን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። በ1884 ብራውኒንግ ለእኔ ሹክ ቢለኝ ኖሮ ግን እስከ ማታ ለስንት ሰው እንደማዳርሰው ባለቤቴ ትመስክር።